ከላፕቶፕ እስከ ቴፕ፦ ሙዚቃን ያለ ገመድ ማድረስ የት ደረሰ?

ሙዚቃው ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ጥሩው ድምፅ ግን ያለው ሳሎን፣ ቡፌው ላይ የተቀመጠው ማጉያና ግራና ቀኝ የቆሙት ስፒከሮች ጋ ነው። በመሃል ያለው ርቀት አምስት ስድስት ሜትር ቢሆን ነው። ይህችን አጭር መንገድ ያለ ገመድ ለመሻገር ግን ትልልቅ ኩባንያዎች ከሃያ ዓመት በላይ ተሽቀዳድመዋል። አንዳንዱ ተሳክቶለታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ዕቃውን ሸጦ ሸጦ ገዢውን ሜዳ ላይ ትቶት ሄዷል።

ታዲያ ጥያቄው ተመልሷል? የድምፅ ጥራቱ ነገር ከሞላ ጎደል አልቋል። ያላለቀው የዕድሜ ጉዳይ ነው። በ1970ዎቹ የተሠራ ማጉያ አቧራው ከተጠረገለት ዛሬም ይጫወታል። ከአሥር ዓመት በፊት የተገዛ ገመድ አልባ መቀበያ ግን ሳይሰበርም ሳይቃጠልም፣ አምራቹ ስለተወው ብቻ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን መንገድ «ድምፁ እንዴት ነው?» ብለን ብቻ ሳይሆን «እስከ መቼ ይሠራል?» ብለንም እንየው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሚተካው ከገመዱ ብንጀምር ይሻላል። በአንድ ጫፉ ላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ላይ፣ በሌላው ቀይና ነጭ ሆኖ ማጉያው ጀርባ ላይ የሚሰካው ገመድ ርካሽ ነው፤ አይዘገይም፣ አይቆራረጥም፣ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ጉድለቱ ልጆች እየጠለፋቸው መውደቃቸው ብቻ አይደለም። ላፕቶፑ ቻርጅ ሲደረግ ከስፒከሩ «እምምም» የሚል ድምፅ የሚሰማበት ቤት ብዙ ነው። ቻርጀሩን ከሶኬት ስትነቅሉት እምምታው ከጠፋ ጥፋቱ የስፒከሩ አይደለም። ላፕቶፑና ማጉያው በየሶኬታቸው ከመብራቱ መስመር ጋር ተያይዘዋል፤ በድምፅ ገመዱ ደግሞ እርስ በርስ ተያይዘዋል። ኧርዙ በቅጡ ካልተሠራ በዚህ ዙር ውስጥ ትርፍ ጅረት ይመላለስና ከሙዚቃው ጋር ተጎልቶ ይወጣል። ያለ ገመድ ሲላክ ዙሩ ይቆረጣል። ስለ ገመድ አልባ ሙዚቃ ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው ምቾቱን ነው፤ እኔ ግን እንደኛ ባለው የመብራት ዝርጋታ ትልቁ ጥቅሙ ይኼኛው ይመስለኛል።

ቀደም ካሉት ብልሃቶች አንዱ ትንሿ የኤፍኤም ማሰራጫ ናት። ላፕቶፑ ላይ ትሰካና በ87.5 እና በ108 ሜጋኸርዝ መካከል ባዶ ቦታ ፈልጋ ታሰራጫለች፤ ሬዲዮ ያለው ቴፕ ሁሉ ይቀበላታል። መኪና ውስጥ እስከ ዛሬ አለች። ለቤት ግን አልመክራትም። ኤፍኤም ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አያሳልፍም፤ ሽሽታ ከሥሩ አይጠፋም፤ ጣቢያ በበዛበት ከተማ ባዶ ሞገድ ማግኘትም ከባድ ነው። ሌላ ምንም መግቢያ ለሌለው አሮጌ ሬዲዮ ትሁን።

አሁን አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው ብሉቱዝን ነው። ሲታሰብ ለሙዚቃ አልነበረም። የስዊድኑ ኤሪክሰን መሐንዲሶች በ1994 ሥራውን ሲጀምሩ የፈለጉት ስልክን በዙሪያው ካሉት ዕቃዎች ጋር ያለ ገመድ ማገናኘት ነበር። ስቴሪዮ ሙዚቃ የሚያልፍበት ኤ2ዲፒ የተባለው ደንብ የወጣው በ2003 ነው። ዛሬ ብሉቱዝ የሌለው ላፕቶፕ ማግኘት ስለሚያስቸግር መግዛት የሚያስፈልገው ከማጉያው ኋላ የምትቀመጥ፣ ከመዳፍ የማትበልጥ መቀበያ ብቻ ነው። ስትሰኳት አንድ ነገር ልብ በሉ። ማጉያው ጀርባ ላይ «ፎኖ» የሚለው መግቢያ ለሸክላ ማጫወቻ ብቻ የተሠራ ነው። ከመርፌው የሚመጣውን ደካማ ምልክት መቶ እጥፍ ያህል ያጎላል፣ ቤዙንም ከፍ ያደርጋል። መቀበያዋን እዚያ የሰካ ሰው የሚሰማው የተቀደደ ጩኸት ነው። «ኦክስ»፣ «ሲዲ»፣ «ላይን» ወይም «ቴፕ ኢን» ከተባሉት ግን የትኛውም ይሆናል።

ድምፁስ? ሲዲ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት ይጽፋል። ግራና ቀኙ ሲደመር በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይሆናል። ሁሉም የብሉቱዝ ሙዚቃ ዕቃ የግድ የሚያውቀው ኤስቢሲ የተባለው የማመቂያ ዘዴ በተለመደው ከፍተኛ ደረጃው የሚያሳልፈው 328 ኪሎቢት ገደማ ነው። ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። የሚቀረው ግን እንደ ደረሰ አይደለም፤ ጆሮ አይለየውም የተባለው ተመርጦ ነው። ከዚህ የተሻሉ ዘዴዎች አሉ፦ ኤኤሲ፣ አፕትኤክስ፣ በ2015 ሶኒ ያመጣውና እስከ 990 ኪሎቢት የሚወጣው ኤልዳክ። ችግሩ ላኪውም ተቀባዩም ዘዴውን ማወቅ አለባቸው። ዊንዶውስ በራሱ ኤልዳክ አይልክም። ካርቶኑ ላይ «ኤልዳክ» ተብሎ በትልቁ ስለተጻፈ ብቻ ዋጋ ጨምሮ የገዛ የዊንዶውስ ተጠቃሚ፣ ከዚያች መቀበያ የሚያገኘው እዚያው ኤስቢሲውን ሊሆን ይችላል።

ደግሞስ ምንጩ ምንድን ነው? በየላፕቶፓችን ያለው የአማርኛ ዘፈን ክምችት አብዛኛው ከካሴት የተቀዳ፣ ከዚያ ወደ ኤምፒስሪ የተቀየረ፣ ከዚያም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዘዋወር የኖረ ነው። ካሴቱ ራሱ ሽሽታ አለው፤ የላይኛው ድምፅም ተቆርጧል። እንዲህ ላለ ፋይል ስለ ኤልዳክና ስለ ኤስቢሲ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። ልዩነቱን መስማት የሚፈልግ በደንብ የተቀዳ፣ ባዶ ቦታ የበዛበት ነገር ይምረጥ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ፀጥ ባለ ሌሊት መክፈት ይበቃል፦ ጣት ከተነሳ በኋላ ድምፁ እየከሰመ የሚሄድበት ጫፍ ላይ፣ መታመቁ ካለ እዚያ ይታወቃል። ልጆች እየጮሁ፣ ቡና እየተወቀጠ ግን ማንም አይለየውም።

ብሉቱዝን የሚያስጠላው እንግዲህ ጥራቱ ሳይሆን ጠባዩ ነው። ሙዚቃ ተከፍቶ ሳለ የበይነ መረብ ስብሰባ ሲገባ ድምፁ በአንዴ ወርዶ የስልክ ድምፅ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ብዙ ሰው ስፒከሩ የተበላሸ ይመስለዋል። የሆነው ሌላ ነው፦ ስፒከሩ ማይክሮፎን ካለውና የስብሰባው ፕሮግራም ያንን ማይክሮፎን ከመረጠ፣ ብሉቱዙ ከሙዚቃ ደንብ ወጥቶ ወደ ስልክ ጥሪ ደንብ ይገባል። ይህኛው ድምፅ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኝም የለውም። መድኃኒቱ በድምፅ ማስተካከያው ገጽ ላይ የላፕቶፑን የራሱን ማይክሮፎን መምረጥ ነው። ሌላው ጠባዩ ላፕቶፑ የሚያወጣውን ድምፅ ሁሉ ያለ ልዩነት መላኩ ነው። መልእክት ሲገባ የምትጮኸው «ጢንግ» ሳሎኑን ታናውጠዋለች። ፊልም ሲከፈትም ከተናጋሪው አፍ ድምፁ ሩብ ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። አፓርታማ ውስጥ ደግሞ የጎረቤት ልጅ ስልኩን ከእናንተ ስፒከር ጋር አገናኝቶ የራሱን ምርጫ ሲያሰማችሁ ትስቁ ወይም ትናደዱ ይሆናል።

በዋይፋይ መላክ ሌላ ዓለም ነው። አቅሙ ሰፊ ነው፤ በ1999 የወጣው የመጀመሪያው የተስፋፋ ዋይፋይ እንኳ በወረቀት ላይ 11 ሜጋቢት በሰከንድ ነበረው። የሲዲ ሙዚቃ ምንም ሳይታመቅ የሚፈልገው አንድ ሜጋቢት ተኩል አይሞላም። ስለዚህ እዚህ የሚያከራክረው ጥራት አይደለም፤ ሙዚቃውን ማን ያጫውተዋል የሚለው ነው። በአንደኛው መንገድ ኮምፒዩተሩ ራሱ ያጫውትና ድምፁን ወደ መቀበያው ይገፋል። በሁለተኛው ማጉያው ጎን ያለው ሳጥን ራሱ ሄዶ ፋይሉን ይስባል፤ ኮምፒዩተሩ መጋዘን ብቻ ይሆናል።

የገፊዎቹ አውራ አፕል ነው። በጁን 2004 ኤርፖርት ኤክስፕረስ የተባለች፣ ግድግዳው ሶኬት ላይ በቀጥታ የምትሰካ ነጭ ሳጥን በ129 ዶላር አስተዋወቀ። ከአይቱንስ የሚላክላት ሙዚቃ ጥራቱ ሳይጓደል ይደርሳታል፤ ከአንዲት ቀዳዳ በመዳብ ገመድ አናሎግ፣ በብርሃን ገመድ ደግሞ ዲጂታል ድምፅ ትሰጣለች። በ2010 ዘዴው ኤርፕሌይ ተብሎ ተስፋፋ፤ ሌሎች አምራቾችም በፈቃድ ይሠሩበት ጀመር። ፈቃዱ የሚጠበቀው መቀበያው ውስጥ በተደበቀ የምስጢር ቁልፍ ነበር። በ2011 ጄምስ ሌርድ የተባለ ፕሮግራመር ኤርፖርት ኤክስፕረስን ፈታቶ ቁልፉን ከውስጧ አወጣና ሼርፖርት የተባለ ነፃ ፕሮግራም ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ትንሽ ኮምፒዩተር የኤርፕሌይ መቀበያ መሆን ቻለ። ዛሬ በብዙ ቤት የሚሠራው ሼርፖርት ሲንክ የዚያ ልጅ ነው። አፕል በ2018 የኤርፖርት ዕቃዎችን መሥራት አቆመ፤ ይሁንና በዚያው ዓመት የ2012ቷን ኤክስፕረስ ከአዲሱ ኤርፕሌይ 2 ጋር የሚያስማማ ማሻሻያ ላከላት። ምስጋናውን መንፈግ አይገባም፤ መሸጥ ላቆመው ዕቃ እንዲህ የሚያደርግ ኩባንያ ጥቂት ነው።

ሳቢዎቹ ዘንድ ታሪኩ የበለጠ ያስተምራል። ስሊም ዲቫይስስ የሚባል አነስተኛ የካሊፎርኒያ ኩባንያ በ2001 የመጀመሪያውን ማጫወቻ አወጣ፤ በ2003 ስኩዊዝቦክስ ተከተለው። ኮምፒዩተሩ ላይ አንድ አገልጋይ ፕሮግራም ይጫናል፤ ሳሎን ያለችው ሳጥን ዘፈኑን ከእሱ እየጠየቀች ታጫውታለች። የአገልጋዩ ፕሮግራም ኮድ ለማንም ክፍት ነበር። ሎጊቴክ ኩባንያውን በ2006 ገዛው፣ በ2012 ምርቱን አቆመ፣ በ2024 ደግሞ ሳጥኖቹ ይገናኙበት የነበረውን የኢንተርኔት አገልግሎት ዘጋ። በዚህ ሁሉ ግን ሳጥኖቹ አልሞቱም። ኮዱ ክፍት ስለነበር ተጠቃሚዎቹ ተረክበውት፣ ዛሬ ላይሪዮን ሚዩዚክ ሰርቨር በሚል ስም እያሻሻሉት ነው።

ይህን ከክሮምካስት ኦዲዮ ጋር አስተያዩት። ጉግል በ2015 በ35 ዶላር ያወጣት ይህች ክብ ዕቃ በዋጋዋ ተወዳዳሪ አልነበራትም፤ ከሲዲ የሚበልጥ ጥራት ታጫውት ነበር። በጃንዋሪ 2019 መመረቷ ቆመ። በማርች 2025 አንድ ቀን በዓለም ዙሪያ ያሉት በሙሉ ከዘመዳቸው ከሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስት ጋር አብረው እምቢ አሉ። ምክንያቱ ሲጣራ ዕቃዋን «እውነተኛ ናት» ብሎ የሚመሰክረው የዲጂታል ሰርተፍኬት የአሥር ዓመት ጊዜው አልፎበት ነው። ጉግል በቀናት ውስጥ ማስተካከያ ላከ፤ ስለዚህ ዛሬ ይሠራሉ። ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ፣ በገንዘብ የተገዛ ዕቃ ግን ውጭ አገር ባለ አንድ ቀን ገደብ መታሰሩን ያን ጊዜ ሁሉም አየው።

የገመድ አልባ ስፒከር አምራቹ ሶኖስም የራሱን ዋጋ ከፍሏል። በ2002 ተመሥርቶ ከ2005 ጀምሮ ሲሸጥ ከሁሉም ይበልጥ ቀላልና አስተማማኝ ተብሎ የተወደሰ ነበር፤ ውዳሴውም ይገባው ነበር። በ2020 የቆዩ ዕቃዎቹ ማሻሻያ እንደማያገኙ ሲያሳውቅ ደንበኛ ተቆጣ። በሜይ 2024 ያወጣው አዲስ የስልክ መተግበሪያ ደግሞ ሰዎች የለመዷቸውን ነገሮች ይዞ ጠፋ፤ በራሳቸው ኮምፒዩተር ውስጥ ያለውን ሙዚቃ የሚያጫውቱትም ከተጎዱት ውስጥ ነበሩ። በጃንዋሪ 2025 ዋና ሥራ አስፈጻሚው ፓትሪክ ስፔንስ ከቦታቸው ለቀቁ። በ2003 በሶኒ፣ በኢንቴልና በሌሎች የተጀመረው፣ የተለያዩ አምራቾችን ዕቃዎች የሚያግባባው ዲኤልኤንኤ ደግሞ ማኅበሩ በ2017 ቢፈርስም ደንቡ በየቴሌቪዥኑና በየማጉያው ውስጥ አለ፤ ዊንዶውስም ያውቀዋል። ይሠራል፤ ኩርፊያው ግን ብዙ ነው። ዛሬ ያየውን ስፒከር ነገ አላየሁም ይላል።

ሁለት ክፍል ውስጥ አንድ ዘፈን በአንድነት ማሰማት ላይ ግን ሁሉም ተቸግረዋል፤ ችግሩም ከሚመስለው በላይ ጥልቅ ነው። እያንዳንዱ መቀበያ ድምፁን የሚያወጣው በራሱ የኳርትዝ ሰዓት እየተመራ ነው። ሁሉም «በሰከንድ 44,100» ይላል፤ ኳርትዞቹ ግን አይስማሙም። በሁለቱ መካከል ከሚሊዮን 50 እጅ ልዩነት ቢኖር፣ በደቂቃ 3 ሚሊሰከንድ፣ በሰዓት 180 ሚሊሰከንድ ይራራቃሉ። ጆሮ ደግሞ ከ30 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ባለው ላይ ማሚቶ መስማት ይጀምራል። ስለዚህ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሳሎኑና ማድ ቤቱ ይጣላሉ። ሼርፖርት ሲንክ ይህን የሚፈታው የራሱን ሰዓት ከላኪው ሰዓት ጋር እያስተያየ፣ ሲቀድም አንዲት ልኬት ጨምሮ፣ ሲዘገይ አንዲት ቀንሶ ነው። ከሺዎች አንዷ ስትጎድል ጆሮ አያውቅም። የመጀመሪያው ኤርፕሌይ ዘፈን ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሰከንድ ያህል የሚያስጠብቀውም ለዚህና ለመቆራረጥ መከላከያ ሙዚቃውን አስቀድሞ ስለሚያጠራቅም ነው። ለሙዚቃ ምንም አይደለም፤ ለፊልም ግን አይሆንም።

ስለ ቤቶቻችን ሦስት ነገር ልበል። አንደኛው ግድግዳው ነው። ብሉቱዝም አሮጌው ዋይፋይም የሚጠቀሙት 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለውን ሞገድ ነው፤ ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው እዚያው ነው። ብሎኬትና ኮንክሪት ሞገዱን ያዳክሙታል፤ ቆርቆሮ ይመልሰዋል፤ የሰው ገላም አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ይመጠዋል። ላፕቶፑን ይዞ የተቀመጠው ሰው ዞር ሲል ሙዚቃው የሚቆራረጠው ለዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ አፓርታማ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ግድግዳቸው ስስ ቢሆንም የጎረቤት ዋይፋይ ብዛት ያጣብባቸዋል። ለእነሱ 5 ጊጋኸርዙ ይሻላል፤ በወፍራም ግድግዳ በኩል ግን እሱ ይበልጥ ይደክማል።

ሁለተኛው ፓኬጅ ነው። ብዙ ሰው በዋይፋይ ሙዚቃ መላክ ኢንተርኔት የሚበላ ይመስለዋል። ዘፈኑ ላፕቶፑ ውስጥ ካለ ከቤት አይወጣም፤ አንድ ሜጋባይትም አይቆጥርም። የኢንተርኔት መስመር የሌለው ባዶ ራውተር እንኳ ለኤርፕሌይና ለስኩዊዝቦክስ ዓይነቶቹ ይበቃል። እንደ ክሮምካስት ያሉት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጠሙ ኢንተርኔትና ስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያ የግድ ይላሉ።

ሦስተኛው መብራት ነው። በ2012 ከካምብሪጅ የመጣችው ራስበሪ ፓይ የተባለች ትንሽ ኮምፒዩተር ለዚህ ሥራ ተወዳጅ ናት፤ ሲስተሟ የተጫነው ሚሞሪ ካርድ ላይ ስለሆነ ግን መብራት በምትጽፍበት ቅጽበት ሲጠፋ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። ፒኮርፕሌየር የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሲነሳ ራሱን ሙሉ በሙሉ ወደ ራም ገልብጦ ስለሚሠራ መብራት ቢመጣ ቢሄድ ካርዱን አይነካውም። እኛ አገር ለሚሠራበት ሰው ከሌላው ሁሉ የምመርጠው እሱን ነው። የፓይዋ የራሷ የድምፅ ቀዳዳ ደካማ ነው፤ አንዳንዱ ሞዴል ጭራሽ የለውም። ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚመልስ ትንሽ የዩኤስቢ ዳክ አብሮ መግዛት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ምን ይሻላል? ኪራይ ቤት፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ቴፕ ላለው ሰው የብሉቱዝ መቀበያ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ማውጣት ብክነት ነው። ላፕቶፑ ላይ ያለውን ድምፅ ወደ ሙሉ ጠጋ አድርጎ ከፍና ዝቅ ማድረጉን ለማጉያው ቢተው ሽሽታው ይቀንስለታል። ማክ ያለው ሰው፣ ወይም ዊንዶውስ ላይ አይቱንስ የሚጠቀም፣ ያገለገለች የ2012 ኤርፖርት ኤክስፕረስ ካገኘ አያመንታ። ሰፊ ክምችት ያለውና ትንሽ መነካካት የማይፈራ ደግሞ ላይሪዮንና ራስበሪ ፓይን ይያዝ፤ ከሁሉም ዕድሜ ያለው ይኼኛው ነው። ገመድ አልባው ነገር ስፒከሩ ወይም ማጉያው ውስጥ አብሮ የተቀበረበትን ውድ ዕቃ ግን ባትገዙ እመክራለሁ። ቶሎ የሚያረጀው ክፍል ቶሎ ከማያረጀው ጋር ተጣብቆ አብሮ ይጣላል።

ለማንኛውም ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን የራውተሩን የኢንተርኔት ገመድ ነቅሎ አንድ ዘፈን እንዲያጫውትላችሁ ጠይቁት። ካጫወተ ተከራከሩና ግዙ፤ እምቢ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።